ሐና በቡሬ

ንጋት ገደፋው ዜሮ ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ያውም በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ዜሮ። ወረቀቱን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተችው በኋላ እንኳ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ፣ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ያየባት እየመሰላት ቦርሳዋን በክንዷ ትሸፍን ነበር። ሰውዬው ግን አዲስ የገዛውን ማረሻ ጭኑ ላይ አጋድሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። ረዳቱ «አንድ ሰው! ቡሬ አንድ ሰው!» እያለ አምስት ሰው ጨመረና ጉዞ ተጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጋት በፍኖተ ሰላም ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። መምህር የሺጥላ የሚባለው፣ ከወሎ የመጣው ቀጭን አስተማሪያቸው፣ በጥንቱ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ላይ ሠላሳ ገጽ ሃንድአውት ሰጥቶ ሲያበቃ «ስታነቡት ምን ተሰማችሁ? ምን አሰባችሁ? ሁለት ገጽ ጻፉ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ተማሪው ተደናገጠ። ምን ተጻፈ፣ መቼ ተጻፈ፣ ማን ጻፈው ቢባል ማን ይፈራል? «ምን ተሰማችሁ» የሚል ጥያቄ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተጠይቀው አያውቁም።

ንጋት ሰነፍ አይደለችም። ሃንድአውቱን አራት ጊዜ አንብባዋለች፤ ወደዋለችም። ነገር ግን ያን ያህል ርቀት ባሕር ስለ ተሻገሩ፣ ስብከታቸው ሰማይና ምድር ስለሚያንቀጠቅጥ ሰዎች፣ የገደፋው ልጅ የተሰማት ነገር ለማን ይጠቅማል? ይህን ስታስብ ሳለ አንዱ ተማሪ በቴሌግራም የተላከለትን ያለቀለት ወረቀት አሳያት። ቃላቱ ያማሩ ነበሩ። እሷም ገለበጠችው። ሌሎች ሁለት ተማሪዎችም ያንኑ ወረቀት ገልብጠው ኖሯል።

መምህር የሺጥላ አልጮኸም። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ደረደረና «ይኼን የጻፈውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ዓመትም አርሜዋለሁ» አለ። «እናንተ ግን የት ናችሁ?» ማክሰኞ ሦስቱም የራሳቸውን ጽፈው ክፍሉ ፊት እንዲያነቡ ወሰነ። ያላመጣ ኮርሱን ይወድቃል። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፤ የወደቀ ሰኔ ላይ ጓደኞቹ ሲመረቁ ያጨበጭባል ማለት ነው። ሐሙስና ዓርብ መምህራኑ ስልጠና ስለነበራቸው ንጋት ሃንድአውቷንና ዜሮዋን ይዛ ወደ ቡሬ ተሳፈረች። እዚያ መንደር ዳታ የሚባል ነገር ከጠፋ ስለቆየ መገልበጥ ቢያምራት እንኳ አይሆንላትም።

ቤቷ ከቡሬ ከተማ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ስትደርስ ግቢው በርበሬ ለብሷል። ኅዳር መጨረሻ አይደል፤ አባቷ ገደፋው ጤፍ አጨዳ ላይ ናቸው፤ እናቷ ዓባይነሽ ደግሞ የደረቀውን በርበሬ በኬሻ ላይ አስጥታ ትቀነጥሳለች። ብቻዋን አይደለችም። የአጥር ጎረቤታቸው ሲሳይነሽ አለች፤ ሳታወራ መዋል የማትችል ሴት ናት። የዓባይነሽ ታላቅ እህት የሻሽወርቅም አለች፤ እሷ ደግሞ ሳታወራ መዋል ብቻ ሳይሆን መክረምም ትችላለች። አማርኛው ሲሰለቻት ከእህቷ ጋር በአውንጊ ሁለት ቃል ትለዋወጥና ዝም ትላለች። ሦስቱ ሴቶች ወንፈል ገብተዋል፤ ዛሬ የዓባይነሽን በርበሬ፣ በሳምንቱ የሲሳይነሽን፣ ከዚያ የሻሽወርቅን።

ንጋት ሰላምታዋን ሰጥታ፣ ትንሽ ቀምሳ፣ ሃንድአውቷን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ስለ ዜሮው ትንፍሽ አላለችም። እናት ግን እናት ናት።

«ምንድን ነው እንዲህ ግንባርሽን የሚያስቋጥርሽ?» አለች ዓባይነሽ።

«የጥንት አሜሪካኖች የጻፉት ነው፣ እማ።»

«ለጥንቶቹ ደግሞ! የዛሬዎቹ አንሰው ነው?» አለች ሲሳይነሽ።

«ማክሰኞ ስለነሱ ጽፌ ካላመጣሁ እወድቃለሁ። ምን እንደተሰማሽ ጻፊ ነው የሚሉኝ።»

«ምን ተሰማሽ ታዲያ?»

«እንጃ።»

ዓባይነሽ ከኬሻው ላይ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ እዚህ። እጅሽን ለበርበሬው፣ አፍሽን ለኛ አድርጊ። አንብቢልን፤ ምናልባት እኛ ይሰማን ይሆናል።»

ንጋት ስብከቱን ትታ፣ ሕጉን ትታ፣ በጣም የወደደችውን ጀመረች። የአንዲት የገበሬ ሚስት የዕለት ማስታወሻ ነው። ሴትዮዋ ከሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ከባሏ ጋር ባሕር ተሻግራ የሄደች ናት። የአባቷ ስም አልተጻፈም፤ ሐና ብቻ ነው የሚላት። ንጋት ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በርበሬ የነካውን ጣቷን ወደ ዓይኗ እንዳትወስድ እየተጠነቀቀች፣ እንግሊዝኛውን በዓይኗ አንብባ አማርኛውን በአፏ ታወጣው ጀመር።

«ሐና ነው ስሟ?» አለች ሲሳይነሽ ገና ከመነሻው።

«አዎ። ባሏ ይስሐቅ ነው። ልጆቿ ሳሙኤልና ሩት።»

«ታዲያ የኛው ሰዎች ናቸዋ!»

ንጋት ላስረዳት አሰበችና ተወችው። ከዚያ ወዲያ ሐና ፈረንጅ መሆኗ ቀረ። የማዶ ሰፈር ሴት ሆነች። መርከቡ ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት ስትሰቃይ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት፤ በመጀመሪያው ክረምት ግማሹ ሰው በብርድና በረኀብ ሲያልቅ ሲሳይነሽ «ምን ሊያደርጉ ከአገራቸው ወጡ!» ብላ ተቆጣች። ቀጥሎ አንዲት የአገሬው ሴት መጥታ የበቆሎ ዘር እንደሰጠቻቸውና እንዴት እንደሚዘራ እንዳሳየቻቸው ሐና ትጽፋለች።

«በቆሎ? ፈረንጅ በቆሎ ይበላል?» አለች ሲሳይነሽ።

«በቆሎ ወደኛ የመጣው እኮ ከነሱ አገር ነው፣ እትየ።»

«ውሸት! በቆሎ የቡሬ ነው!»

ሳቁ ጋብ ሲል የሻሽወርቅ ከቀኑ መጀመሪያ አንስቶ ዘግታው የቆየችውን አፏን ከፈተች። «ዘሩን የሰጠቻቸው ሴትዮ ማን ትባላለች?»

ንጋት ወረቀቱን አየች። ገጹን ገልብጣ አየች። «አልተጻፈም፣ አክስቴ። አንዲት የአገሬው ሴት ብቻ ነው የሚለው።»

«ዘር ተቀብላት ስሟን ነፈገቻት?»

«አንቱ ደግሞ እትየ የሻሽ! የሞተ ሰው ይወቀሳል?» አለች ሲሳይነሽ።

«አልወቀስሁም። ያችም ሴትዮ ቤት አላት፣ ልጆች አሏት ብዬ ነው። እሷስ ስለነዚህ እንግዶች ምን አለች?»

ንጋት አራት ጊዜ አንብባ ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣላትም። ፊደል ያልቆጠረች አክስቷ በአንድ ቀትር አገኘችው። ተገረመች፤ ትንሽም አፈረች። የሻሽወርቅ ግን የተናገረችውን ረስታ በርበሬ መቀንጠሷን ቀጥላለች።

ያን ቀን ሌላም ጉድ ሰሙ። ሐና ገናን አታከብርም። በዚያች ዕለት እንደማንኛውም ቀን እንጨት እንደፈለጡ፣ በዓል የሚባል በመንደራቸው እንዳልተፈቀደ ጽፋለች። ጾም ግን አላቸው፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ በሽታ ሲገባ መንደሩ በሙሉ እህል ሳይቀምስ ይውላል።

«ጾሙን ይዘው ፍስኩን ጣሉት!» አለች ሲሳይነሽ እጇን በደረቷ አድርጋ። «እንዲህ ያለ ሃይማኖት ምን ይሉታል?»

«በምን ሊፈስኩ ኖሯል? ያላቸው በቆሎ ነው» አለች ዓባይነሽ። ለሐና ጥብቅና መቆም የጀመረችው ያኔ ነው።

ንጋትም ልቧ ወደ ሐና እየሄደ ነበር። ስታነብላቸው ነው ያስተዋለችው፤ ሴትዮዋ አታጌጥም። ሰባኪዎቹ አንድን ነገር ለመናገር ሦስት ገጽ እሳት ያነዳሉ። ሐና ግን «ላሟ ነጠፈች» ብላ ታቆማለች። «ይስሐቅ ዛሬ ዘፈነ፤ ድምፁ እንዳለ ረስቼው ነበር» ትልና ወደ ቅቤዋ ትመለሳለች። ንጋት እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይታ አታውቅም። እስከዚያች ቀን መጻፍ ማለት ትልልቅ ቃል መደርደር ይመስላት ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ የሐናን አሥራ አንድ ገጽ ወደ መጨረስ ተቃረቡ። ንጋት ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ልዝለለው ብላም አስባ ነበር። ግን ሐናን ማጭበርበር መሰላትና አነበበችው።

«ማክሰኞ ሴት ልጅ ወለድሁ። ርብቃ አልናት። ዓርብ ሞተች። በረዶው በሩን ዘግቶት ወደ ጸሎት ቤት ሊወስዷት አልቻሉም፤ ሳትጠመቅ ሄደች። መሬቱ ስለጠጠረ አባቷ ጉድጓድ ሲምስ ዋለ። በጸሎት ቤቱ መዝገብ ላይ ስሟ የለም። ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት። ርብቃ። ነገ ሳሙና እናበስላለን።»

ዓባይነሽ የያዘችውን በርበሬ አስቀመጠች፤ ወንፊቱን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ወንፊቱ በጓሮ ምንም ሥራ አልነበረውም።

«ምን ሆነች?» አለች ንጋት።

ሲሳይነሽ አፏን ልትከፍት ስትል የሻሽወርቅ በእጇ ከለከለቻትና ራሷ ነገረቻት። ከንጋት በፊት ሴት ልጅ ነበረች። ሰኔ ላይ ተወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ይህችኛዋ በሰባ ሦስተኛው ቀን ታመመች። ቄስ ተጠራ። ነሐሴ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ቄሱ መሻገር አልቻሉም። ሳትጠመቅ ሞተች። ደወል አልተደወለም፣ ድንኳን አልተጣለም፣ ነጠላ አልተዘቀዘቀም። ገደፋው ብቻቸውን ቀበሯት። መንደሩ «ልጅ ናት፤ ትተኪያታለሽ፤ አታልቅሺ፣ ደግ አይደለም» አላት። በዓመቱ ንጋት ተወለደች። ምትኳ እሷ መሆኗ ነው።

«ስሟ ማን ነበር?»

«እንጃ ልጄ። ለማንም አልነገረችም። ያልተጠመቀ ምን ስም አለው ብለን እኛም አልጠየቅን።»

ቅዳሜ ዓባይነሽ ስለ ነገሩ አላነሳችም። ንጋትም ፈራች። እሑድ ማለዳ ግን እናቷ ነጠላዋን እየለበሰች «ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ» አለቻት። የሰንበቴው ተራ የነሱ ነበር። ተረኛው ቤት ጠላና ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ የሞቱበትን ዘመዶች የክርስትና ስምም አስጽፎ ለካህኑ ይሰጣል፤ ካህኑ በጸሎት ያስቧቸዋል። በየጊዜው ጸሐፊዋ ንጋት ናት።

«ወልደ ገብርኤል» አለች ዓባይነሽ። አባቷ ናቸው። «ወለተ ጻድቅ። ኃይለ ማርያም። ወለተ ሥላሴ።» ትንሽ ቆም አለች። «ሐና።»

ንጋት እስክሪብቶዋን አነሳች። «የትኛዋ ሐና?»

«የቷ ትሆን? ያችው ናታ።»

«እማ! ሴትዮዋ እኮ ከሞተች ሦስት መቶ ምናምን ዓመቷ ነው። ደግሞ በሃይማኖትም የኛ አይደለችም።»

«ስሟ የእመቤታችን እናት ስም ነው። ትጾማለች። ልጅ ሞቶባታል።» ዓባይነሽ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ርብቃን አላስጽፍም፤ ሳትጠመቅ ነው የሄደች፣ አይቀበሉልኝም። ሥርዓቱን አውቃለሁ። እናቷ ግን ምን አደረገች? የሚያስባት ሰው የላትም፤ አገሩም በዓል አያውቅም። ጻፊ።»

ንጋት ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ ቀደመው። ጻፈችው።

ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ጥላ ሥር መምሬ ታከለ ዝርዝሩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አላረጀም።

«ወለተ ሥላሴ… ሐና… ሐና የማን ናት፣ ዓባይነሽ? ይህችን አላውቃትም።»

«ሩቅ አገር ያለች ወገኔ ናት፣ መምሬ።»

«ከየትኛው ደብር?»

ዓባይነሽ ወደ ልጇ ዞረች። ንጋት መሬት መሬት አየች።

«መቼ ነው ያረፈችው?»

«ቆየች፣ መምሬ።»

«ስንት ዓመት ይሆናታል?»

«ሦስት መቶ ሰማንያ ገደማ» አለች ንጋት በቀጭኑ።

ጠላ የያዘ ሰው ሁሉ ዘወር አለ። መምሬ ታከለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሳታስቧት ኖራችሁ ዛሬ ትዝ አለቻችሁ?»

ሳቅ ሆነ። ንጋት ከመሬት በታች መግባት አማራት። መቼም ካፈሩ አይቀር ብላ ግን እውነቱን ዘረገፈችው፤ ስለ ኮርሱ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ርብቃ። መምሬ ታከለ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ስትጨርስ ወረቀቱን በቀስታ ለዓባይነሽ ዘረጉላት።

«ልብሽ መልካም ነው። ነገር ግን የኛን ጥምቀት ያልተጠመቀችን በዚህ ጸሎት መጥራት አልችልም። ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም።»

«አውቃለሁ፣ መምሬ።» ዓባይነሽ ወረቀቱን አልተቀበለችም። «የኔዋንም አይፈቅድም። ሰብሊን።»

ሃያ ዓመት ያልተጠራ ስም ነው። ንጋት እህቷ ስም እንዳላት የሰማችው በዚያች ቅጽበት ነበር። መምሬ ታከለ ማን ናት ብለው አልጠየቁም። «እኔ ያን ቀን ከማዶ ቆሜ ነበር» አሉ። «ውኃው እስኪጎድል እስከ ማታ ቆምሁ። ጩኸትሽን ሰምቻለሁ። በየነሐሴው ትዝ ትለኛለች፣ ዓባይነሽ። ስሟን ግን አላውቅም ነበር።»

ዓባይነሽ ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚህ በላይ የሚሰጧት ነገር እንደሌላቸው ገብቷታል፤ የሰጧት ግን ቀላል አልነበረም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዓባይነሽ ድንገት «ያ አስተማሪሽ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል?» አለች።

«ያነበዋል።»

«ማንበቡን አይደለም። የሐና ይኸው እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ያንቺስ ይቀመጣል ወይ?»

ንጋት የመምህራኑን ክፍል ታውቀዋለች። የተማሪ ወረቀት ከወለል እስከ መስኮት ተቆልሎ ያድርና በዓመቱ መጨረሻ በኪሎ ይሸጣል፤ ቆሎ ይጠቀለልበታል። ሁሌም እናቷን ማስደሰት የምትወድ ልጅ ናት፤ «አዎ» ማለት ቀላል ነበር።

«አላውቅም» አለች። «እጠይቀዋለሁ።»

«እንግዲያው እህትሽን ጻፊያት። ግን አታስውቢያት። ሴትዮዋ እንደጻፈችው አድርገሽ ጻፊያት።»

ንጋት ሰኞ ቀኑን ሙሉ ጻፈች። ስድስት ጊዜ ቀደደች። መጀመሪያ ትልልቆቹ ቃላት መጡና አባረረቻቸው። ከዚያ ሐናን እንዴት እንዳደነቀቻት በራሷ እንግሊዝኛ፣ ባላት በዚያችው ጻፈች፤ ሴትዮዋ ማንም ያነበኛል ሳትል፣ እጇ ሳሙና እየሸተተ፣ ያለቻትን ቦታ ለልጇ ስም መስጠቷን። የሻሽወርቅንም ጥያቄ ጻፈች፤ ሐናን መውደዷ እንደማይቀንስ፣ ነገር ግን ዘር የሰጠችውን ሴት ስም ባለመጻፏ ቅር እንዳላት። የቡሬ በቆሎ፣ የገናው ነገር፣ የሰንበቴው ዝርዝር ሁሉም ገቡ። መጨረሻ ላይ ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ቀሩ።

ማክሰኞ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ከሷ በፊት የተነሳው ልጅ አንድ አንቀጽ አንብቦ ላቡን ጠረገና ተቀመጠ። ንጋት ተነሳች። ድምፅዋ ከሁለተኛው መስመር በኋላ ተስተካከለ። «በቆሎ የቡሬ ነው» የሚለው ጋ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምሬ ታከለ ስንት ዓመቷ ነው ያሉበት ጋ መምህር የሺጥላ ራሱ ሳቀ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን አነበበች።

«እህቴ ሰኔ ላይ ተወለደች። ነሐሴ ላይ ሞተች። ወንዙ ሞልቶ ቄሱ አልተሻገሩም። በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኋት። ሰብሊ።»

መምህር የሺጥላ ለወረቀቱ እጁን ዘረጋ። ንጋት አልሰጠችውም።

«ይቅርታ መምህር። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወረቀቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። «ማርኩን ከመዘገብሁ በኋላ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። ከማርኩ በኋላ ወረቀት የት እንደሚሄድ ከሷ እኩል ያውቃል።

«እናቴ እንዲቀመጥላት ትፈልጋለች» አለች ንጋት። «የማይቀመጥ ከሆነ ይዤው ልመለስ። ማርኩ ይቅርብኝ።»

ይህን ስትል ሰኔንም፣ ምርቃቱንም፣ ሁሉንም አስባለች። አስባው ነው ያለችው።

መምህር የሺጥላ ትንሽ አየት አደረጋት። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ወፍራም ክላሰር አወጣ። የሃንድአውቱ ዋናው ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ለየዓመቱ ተማሪ የሚያባዛው ከሱ ነው። መያዣውን ከፍቶ ገጾቹን ገለጠ፤ የሐና ማስታወሻ የሚያልቅበት ላይ ሲደርስ እንደገና እጁን ዘረጋ። አሁን ሰጠችው። ወረቀቷን ከዚያ ቀጥሎ አስገባና ጥጉ ላይ በራሱ እስክሪብቶ ቁጥር ጻፈ።

«ሐና ሃያ ሁለት ላይ ነው የምታልቀው» አለ። «ይኼ ሃያ ሦስት ነው።»

ንጋት ከኮሌጁ በር ውጭ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ፈንጠር ብላ ደወለች። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆራርጦ በአራተኛው ያዘላት።

«እማ። አነበብሁት።»

«እ።»

«ተቀምጣለች።»

«የት?»

«ከሐና ልጅ ቀጥሎ። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ ያነባታል። በስሟ።»

ዓባይነሽ አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ አላለችም። ከዚያ ስልኩ አንድ ነገር ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ እርምጃም ተሰማ። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ ከሩቅ፣ ከአጥሩ በኩል መጣ።

«ሲሳይነሽ! ኧረ ሲሳይነሽ! ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ነይልኝ፣ ልቅሶ አለብኝ!»

«ውይ በሞትሁት! ማን ሞተ?»

«ልጄ» አለች ዓባይነሽ። «ሰብሊ።»